የሠርግ ፎቶ ዋጋ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደምትገዙ እወቁ



ለሠርጋችሁ ቀን ከቆረጣችሁ በኋላ ስልክ ከምትደውሉላቸው ሰዎች አንዱ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ጥያቄያችሁም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፦ «ስንት ነው?» የመጀመሪያው ፎቶ ቤት አንድ ዋጋ ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው የዚያን እጥፍ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «መጥታችሁ ፓኬጆቹን እዩና እንነጋገር» ይላችኋል። እናንተም ርካሹን ቅን፣ ውዱን ስግብግብ አድርጋችሁ ትደመድማላችሁ። ነገር ግን ሦስቱም የተናገሩት ስለ አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። አንዱ የሠርጉን ቀን ፎቶ ብቻ አስቦ ይሆናል። ሌላው ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ መልስና ሁለት አልበም ጨምሮ ይሆናል። የአንድ ኪሎ ጤፍን ዋጋ ከአንድ ኩንታል ዋጋ ጋር አወዳድሮ «ይኼኛው ረከሰ» የሚል ሰው የለም፤ በሠርግ ፎቶ ላይ ግን ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

«ይህ ደግሞ ለመንፈሳዊ ቤተሰብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ብዙ ይጠቅማል። አዳራሹ በማግስቱ ለሌላ ሙሽራ ይሰጣል፤ ምግቡ ይበላል፤ አበባው ይጠወልጋል። ፎቶው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በአንጻሩ ደግሞ በብድር የተነሳ ፎቶ አዲሱን ትዳር በዕዳ ያስጀምራል፤ ያለ ውል የተሰጠ ገንዘብ ሁለት ቤተሰብን ያቀያይማል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣና አስቀድሞ ወጪውን ስላላሰላ ሰው የተናገረው ምሳሌ ለሠርግ ዝግጅትም ይሠራል። አባቶቻችንም «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ስለዚህ ድስቱ ሳይጣድ እንመጥን።

የምትከፍሉት ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም

በፊልም ዘመን ሒሳቡ ግልጽ ነበር። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ያነሳል፤ ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል። ፎቶግራፍ አንሺው አንድ ጊዜ በተጫነ ቁጥር ገንዘብ ይወጣ ስለ ነበር ቆጥቦ ያነሳል፤ እናንተም በታተመው ፎቶ ብዛት ትከፍላላችሁ። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ መጫን በነጻ ሆነ። ሥራው ግን አልቀረም፤ ከጨለማ ክፍል ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ እንጂ። «አሁንማ ፊልም የለ፣ ለምን ይወደዳል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ይህ የኮምፒውተር ሥራ ከዓይናችን ስለሚሰወር ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ባለሙያው በሠርጋችሁ ቀን 2,000 ፎቶ አነሳ እንበል። ደህናውን ከደህና ካልሆነው ለመለየት በእያንዳንዱ ላይ 5 ሰከንድ ብቻ ቢቆይ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይወስድበታል። ከዚያ የመረጣቸውን 400 ፎቶዎች እያንዳንዳቸውን 3 ደቂቃ እየሰጠ ብርሃናቸውንና ቀለማቸውን ቢያስተካክል 20 ሰዓት ነው። ሁለት የቪዲዮ ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት ቀርጸው ከሆነ፣ የተቀረጸውን አንድ ጊዜ ለማየት ብቻ 16 ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደመር 39 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ቢሮ ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ማለት ነው። ቪዲዮው ገና አልተቆረጠም፤ አልበሙም ገና አልተዘጋጀም።

በዚህ ላይ የዕቃ ወጪ አለ። ጠንቃቃ ባለሙያ አንዱ ካሜራ ቢበላሽ በሌላው እንዲቀጥል መጠባበቂያ ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ያንኑ ፎቶ በአንድ ጊዜ በሁለት የማስታወሻ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ መብራቱ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በመውረዱ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲቆጠር እጅግ ከፍ ብሏል። ታላቅ እህታችሁ ከጥቂት ዓመታት በፊት የከፈለችውን ይዛችሁ ብትሄዱ የማትስማሙት ስለዚህ ነው። የረዳቱን የቀን አበል፣ ትራንስፖርቱን፣ የፎቶ ቤቱን ኪራይና ግብሩንም ጨምሩበት።

ይህን የምጽፍላችሁ የተጠየቃችሁትን ሁሉ እንድትከፍሉ አይደለም። የዋጋው መነሻ የት እንደ ሆነ ስታውቁ፣ የት ላይ መቀነስ እንደሚቻልና የት ላይ መቀነስ እንደማያዋጣ ስለምትለዩ ነው።

«ፓኬጅ» የሚባለው እንዴት ይዋቀራል?

በአገራችን ብዙዎቹ ፎቶ ቤቶች አገልግሎታቸውን በፓኬጅ ከፋፍለው ያቀርባሉ። ስሙ «ወርቅ»፣ «ብር» ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ትታችሁ በውስጡ ያሉትን አምስት ነገሮች ተመልከቱ።

የመጀመሪያው የሰው ብዛት ነው። ስንት ፎቶግራፍ አንሺ፣ ስንት ካሜራማን ይመጣል? ሙሽራውና ሙሽሪት በአንድ ሰዓት በየቤታቸው የሚዘጋጁ ከሆነ አንድ ባለሙያ ሁለቱንም ቤት ሊሸፍን አይችልም።

ሁለተኛው የዝግጅቶቹ ቁጥር ነው። የእኛ ሠርግ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ሽምግልና አለ፣ ቀለበት አለ፣ ጥሎሽ አለ፣ የሠርጉ ቀን አለ፣ መልስ አለ፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ቅልቅልም አለ። ከሠርጉ በፊት በመናፈሻ የሚደረገው የእጮኛሞች ፎቶም አሁን አሁን ተለምዷል። እያንዳንዱ ዝግጅት ለባለሙያው ተጨማሪ የሥራ ቀን ነው።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሙሽሪት ቤት ተነስቶ ማታ 2 ሰዓት ከአዳራሽ የሚወጣ ሰው 13 ሰዓት ቆሞ ሠርቷል። በእኛ አገር «ሙሉ ቀን» መባል የተለመደ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ የሠርግ ፎቶ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ልክ ይሰፈራል፤ 6፣ 8 ወይም 10 ሰዓት ተብሎ ይዋዋላሉ፣ ካለፈ በየሰዓቱ ይጨመራል። ልጆቻችሁ በዚያ የሚያገቡ ከሆነ ይህን አስታውሷቸው፤ የሐበሻ ሠርግ እንደሚዘገይና በማግስቱ መልስ እንዳለ ያ ፎቶግራፍ አንሺ ላያውቅ ይችላል።

አራተኛው በእጃችሁ የምትቀበሉት ነው። አልበሙ ስንት ነው? መጠኑ ምን ያህል ነው? ስንት ገጽ አለው? ለሁለቱም ወላጆች ትናንሽ አልበሞች አሉ? የግድግዳ ፎቶ በፍሬም ይሰጣል? ቪዲዮው ሙሉውና አጭሩ ሁለቱም ይሰጣሉ? የተስተካከሉት ፎቶዎች በሶፍት ኮፒ ይሰጣሉ? የዋጋ ልዩነቱ በብዛት የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛው ተጨማሪው ነው። ድሮን፣ ክሬን፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚቆም ትልቅ ስክሪን፣ በውጭ አገር ላሉ ዘመዶች የሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት ሁሉ ለየብቻ ዋጋ አላቸው። ድሮን በአገራችን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይበርም፤ «ድሮን አለን» ከተባላችሁ ፈቃዱን የሚያወጣው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። የመናፈሻ መግቢያና የፎቶ ማንሻ ክፍያ በማን ላይ እንደ ሆነም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከፓኬጅ ሌላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው «ሶፍት ኮፒ ብቻ» የሚባለው ነው፤ ባለሙያው አንስቶና አስተካክሎ ያስረክባችኋል፣ አልበሙን ገንዘብ ስታገኙ ራሳችሁ ታሳትማላችሁ። ሁለተኛው ከመኪና፣ ከዲኮርና ከአዳራሽ ጋር ተጠቃልሎ የሚቀርብ የሠርግ አገልግሎት ነው። ይህ ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያስማማችሁ ሰው ሥራውን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ ስለሚችል «በዕለቱ ካሜራውን የሚይዘው ማን ነው? የእርሱን ሥራ አሳዩን» ማለት ተገቢ ነው።

ወቅቱም ዋጋ አለው

በአገራችን ሠርግ የሚበዛው በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ምክንያቱም የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን በጾም ወራት ስለማይድሩ ሠርጎች ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጨናነቃሉ። ጥሩ ባለሙያ ለእነዚያ ቅዳሜና እሑዶች ወራት አስቀድሞ ይያዛል፤ ዋጋውንም አይቀንስም።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሙሽሮች በዚህ ረገድ ነጻነት አላችሁ። ከዚያ ወቅት ውጪ ያለ ቀን ብትመርጡ ፎቶ ቤቶቹ ሥራ ስለሚቀንስባቸው ለመደራደር ይመቻችኋል። እርግጥ ነው፣ የሚጾሙ ወላጆችና ዘመዶች ካሏችሁ አስቡላቸው፤ ቀኑን አብራችሁ ምከሩበት፣ የጾም ምግብም አዘጋጁ። የክረምቱን ዝናብም አትርሱ፤ መናፈሻው ጭቃ ቢሆን የት እንደምትነሱ ቀድማችሁ ወስኑ።

ቀብድና ውል

ቀኑን ለማስያዝ ቀብድ ትጠየቃላችሁ። ሰዎች ቀብድን እንደ ተራ ቅድሚያ ክፍያ ያዩታል፤ በሕግ ግን የራሱ ትርጉም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። በመካከላችሁ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን ይጠበቃል። እናንተ ቀኑን ብትቀይሩ ባለሙያው ለእናንተ ብሎ ሌላ ሥራ መልሶ ሊሆን ስለሚችል ቀብዱን ማስቀረቱ ግፍ አይደለም። እርሱም የተሻለ የሚከፍል ደንበኛ አግኝቶ እናንተን ቢተዋችሁ የተቀበለውን ብቻ መልሶ የሚገላገል አይደለም። ይህ እንዲሠራ ግን ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ» እንደ ተጻፈ ተመልከቱ፤ ሳይነበብ የተፈረመ ውል በኋላ ያጨቃጭቃል።

የቀረውን ገንዘብ በየደረጃው መክፈል ጥሩ ነው፦ ቀኑ ሲያዝ ቀብድ፣ በሠርጉ ሳምንት ሌላ ክፍል፣ የመጨረሻው ደግሞ አልበሙና ቪዲዮው ሲረከብ። ሙሉውን ቀድሞ መክፈል ባለሙያውን ያዘናጋል፤ ሁሉንም ለመጨረሻ ማቆየት ደግሞ እርሱን በራሱ ገንዘብ እንዲሠራላችሁ ማስገደድ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ላይ አስፍሩ፦

1. በዕለቱ የሚመጣው ማን ነው? ቢታመም ማን ይተካዋል?

2. ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ቢዘገይ ጭማሪ አለ?

3. ስንት የተስተካከለ ፎቶ እንቀበላለን? ለአልበሙ የሚሆኑትን የሚመርጠው ማን ነው?

4. አልበሙና ቪዲዮው በስንት ቀን ይደርሳሉ? ቢዘገዩ ምን ይደረጋል?

5. ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ ከዚያ በላይ ነው?

6. ፎቶዎቹ በስንት ቦታ ይቀመጣሉ? ለምን ያህል ጊዜስ? ከላይ በጠቀስነው ሒሳብ 2,000 ጥሬ ፎቶ፣ እያንዳንዱ 30 ሜጋባይት ቢሆን 60 ጊጋባይት ይሞላል፤ ለዘላለም የሚያስቀምጥላችሁ የለም። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ቅጂ ደግሞ በሌላ ቤት እንዲሆን ነው። እናንተም እንደ ተረከባችሁ አንድ ቅጂ በወላጆቻችሁ ቤት አኑሩ።

7. ፎቶአችንን ለማስታወቂያ ወይም በማኅበራዊ ገጽ ላይ ያወጣል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ፈቃዳችሁን መስጠትም ሆነ መከልከል የእናንተ ነው፤ ብቻ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ስለ መዘግየት እውነቱን እንናገር። አልበም ሲዘገይ ሁልጊዜ ጥፋቱ የፎቶ ቤቱ አይደለም። ለአልበም የሚሆኑትን ፎቶዎች እንድትመርጡ ተልኮላችሁ፣ «በኋላ አብረን እንቀመጥበታለን» ስትሉ ወራት ያልፋሉ። የምትመርጡበትን ቀን ከሠርጉ በፊት ቁረጡ።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ

ሠርግ በቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም አምልኮ ነው። ባለሙያው ጥሩ ፎቶ እንዲያገኝ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን በጸሎት መካከል ብልጭታ ሲበራ፣ ካሜራማን በመጋቢውና በሙሽሮቹ መካከል ሲቆም የቃል ኪዳኑ ሰዓት ይረበሻል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሠርጉ በፊት ባለሙያውን ከፕሮግራም መሪውና ከአገልጋዩ ጋር አገናኙት። የት መቆም እንደሚችል፣ መቼ ብልጭታ ማጥፋት እንዳለበት፣ ቃል ኪዳኑና ቀለበቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚሆን ይወቅ። የፕሮግራሙን ዝርዝር በወረቀት ስጡት። ሙሽሮች በመናፈሻ ሰዓት እየፈጁ እንግዶች በአዳራሽ በረሃብ እንዳይጠብቁም የመናፈሻውን ሰዓት ወስናችሁ ንገሩት።

አቅም ሲያንስ

ገንዘቡ ካልበቃ ምኑን እንቀንስ? ምክሬ ይህ ነው፦ ዕቃውን ቀንሱ፣ ባለሙያውን አትቀንሱ። ትልቁ አልበም፣ የግድግዳው ፍሬም፣ ክሬኑና ስክሪኑ ሊቀሩ ወይም በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። ጥሩ ሆነው የተነሱና በደህና የተቀመጡ ፎቶዎች ካሏችሁ፣ በአንደኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ አልበሙን ማሳተም ትችላላችሁ። በደንብ ያልተነሳን ፎቶ ግን የትኛውም ውድ አልበም አያድነውም። ጥሎሹንና መልሱን ጥሩ ስልክ ያለው ዘመድ ሊያነሳ ይችላል፤ ባለሙያውን ለሠርጉ ቀን አቆዩት።

ከሁሉ በላይ ለፎቶ ብላችሁ አትበደሩ። በመጽሔትና በስልክ የምታዩት የሌሎች ሠርግ የእናንተ መለኪያ አይደለም። ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ የምትችሉትን ቁጥር ወስኑ፤ ከዚያ ወደ ፎቶ ቤቱ ሂዱና «ያለን ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ምን ልትሠራልን ትችላለህ?» በሉት። እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ደግሞም ይህ ንግግር ለእናንተ ትልቅ ልምምድ ነው፤ ስለ አልበም በግልጽ መነጋገር የቻሉ እጮኛሞች ነገ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ መነጋገር አይከብዳቸውም።

«የእኛው ወንድም ነው»

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። በየአጥቢያችን ካሜራ ይዘው የሚያገለግሉ ወጣቶች አሉ። «የእኛው ወንድም ነው፣ በነጻ ያነሳናል» እየተባለ ቅዳሜያቸው ሁሉ ያልቃል። ወንድማችሁ በፈቃዱ ስጦታ ቢያደርግላችሁ ተቀበሉት፣ አመስግኑት። ነገር ግን ይሉኝታ ይዞት እምቢ ማለት ያቃተውን ሰው ጉልበት ስጦታ ብላችሁ አትጥሩት። እርሱም ቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ካሜራውንም በዕቁብ ገዝቶት ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ያስተምራል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የሠራተኞችን ዋጋ ያስቀሩትን አጥብቆ ይገሥጻል። በቅናሽ መስማማት መልካም ነው፤ ዋጋውን ግን እርሱ ይናገር፣ ስምምነቱም ከሌላው ሰው ጋር እንደምታደርጉት በጽሑፍ ይሁን። ወንድምነታችሁ የሚጠበቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

እናንተም ፎቶግራፍ አንሺዎች የሆናችሁ አንባቢያን፣ በጥር ወር ሦስት ሠርግ በአንድ ቀን ይዛችሁ ለሁለቱ ያልታወቀ ሰው አትላኩ። ቀብድ የተቀበላችሁበት ቀን ቃል የሰጣችሁበት ቀን ነው። የምትችሉትን ብቻ ተቀበሉ፣ የተቀበላችሁትን በቀኑ አስረክቡ።

ውድ እጮኛሞች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ስትደውሉ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ምን ይጨምራል?» ብላችሁ ጀምሩ። ጌታ ጎጆአችሁን ይባርክ።